ሾተላይ አንድ በሽታ አልነበረም

በዘመናችን ስለ ሾተላይ የሚጻፈውና የሚነገረው ሁሉ መጨረሻው አንድ ማብራሪያ ነው። የእናትየው ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የአባትየው ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ጽንሱ የአባቱን ደም ይወርሳል፤ የእናትየው ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል፤ የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል፣ ተከታዮቹ ያልቃሉ። በሬዲዮ የጤና ፕሮግራምም፣ በመጽሔት ዓምድም፣ ብዙ ጊዜ በጤና ባለሙያው አፍም ሾተላይና አር ኤች የአንድ ነገር ሁለት ስሞች ሆነዋል። ማብራሪያው ያማረ ነው፤ አያቶቻችን በዓይናቸው ያዩትን ነገር ሳይንስ ዘግይቶ አረጋገጠው ብሎ ማሰብ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በወሎ ምድር፣ በተለይም በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ፣ የአራስ ልጅ ሞት ያለፈበትን ታሪክ ረጋ ብሎ ለሚመረምር ሰው ይህ እኩልነት አይቆምም። አር ኤች ሾተላይ ከሚባለው ጥላ ሥር ከተሰበሰቡት ገዳዮች አንዱ ነበር፤ ዋናው ግን አልነበረም። ሾተላይ ማለት ልጅ ደጋግሞ የሚሞትባት እናት ላይ የሚወርድ ፍርድ እንጂ የአንድ በሽታ መጠሪያ አልነበረም፤ ይህን ሳንለይ መቅረታችንም ዛሬ ድረስ ዋጋ ያስከፍላል።

አገሩ በጽሑፍ የደኸየ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን አባት ከአባ ኢየሱስ ሞአ ጀምሮ የብራና ቤት ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞአ በ1280 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ዘመናቸው ከታወቀ የግዕዝ መጻሕፍት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። የነገሥታት ልጆች የታሰሩባት ግሸን አምባ ያለችው በአምባሰል ነው። ምኒልክና ጣሊያን በ1889 እ.ኤ.አ. ውል የተፈራረሙባት ውጫሌም የአምባሰል ናት። ስለ አበምኔት፣ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጉልትና ስለ ውል ብዙ ተጽፏል። ተወልዶ ሳምንት ሳይሞላው ስለሞተ ሕፃን ግን የሚጻፍበት ገጽ አልነበረም፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ ራሱ ነው። በክርስትናው ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚጠመቁት። በእስልምናው ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን አካባቢ ነው። የአራስ ልጅ ሞት ደግሞ የሚበዛው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ሟቾች ስምም የክርስትና አባትም ሳይኖራቸው ያልፋሉ። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በዚሁ በሐይቅ አካባቢ ያለፈው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነገሩ አስደንግጦት ነበር፤ ሕፃኑ ሳይጠመቅ ቢሞትስ ብሎ ሲጠይቅ የእናቱ እምነትና በእርግዝናዋ የተቀበለችው ቁርባን ይበቃዋል ተብሎ እንደተመለሰለት ጽፏል። መልሱ ከሥነ መለኮት አንጻር የሚያከራክር ሊሆን ይችላል፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ትልቅ መረጃ ነው። ሳይጠመቁ የሚሞቱ ሕፃናት ብዙ ስለነበሩ ጥያቄው ከሩቅ ለመጣ እንግዳ እንኳ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መልስ ነበረው ማለት ነው።

የቤተ ክህነቱ መዝገብ ያልያዘውን የያዘው ሌላ ብራና ነው፤ እናቶች በአንገታቸው ያሰሩት የክታብ ጥቅል። በኢትዮጵያም በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትም ከተጠበቁት ጥቅሎች መካከል እጅግ የተለመደው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ጥቂት ነው፦ ሱስንዮስ ልጅ ይወልዳል፤ ወርዝልያ የተባለችው የሕፃናት ገዳይ መጥታ ልጁን ትገድልበታለች፤ ፈረሱን ጭኖ ጦሩን ይዞ ያሳድዳታል፤ ተወግታ ስትያዝ የሱስንዮስ ስም ወደተጠራበት ቦታ እንዳትቀርብ ትምላለች። ደብተራው ይህን በጥቁርና በቀይ ቀለም ጽፎ፣ ዓይነ ብዙ የሆነውን ጠልሰም ሥሎ፣ የባለቤቲቱን የክርስትና ስም ክፍት በተተወው ቦታ ላይ ያገባል። ብዙዎቹ ጥቅሎች ላይ የቀድሞው ስም ተፍቆ ሌላ የሴት ስም ተተክቶበታል፤ ክታቡ ከእናት ወደ ልጅ ወይም በሽያጭ ከእጅ ወደ እጅ እንደተላለፈ የሚናገር ምስክር ነው። ሙስሊሙ ወሎዬም ባዶ እጁን አልነበረም። በእስልምናው ዓለም የምትታወቀው ኡሙ ሲብያን እንደ ወርዝልያ ሁሉ የሕፃናት ገዳይ ናት፤ ነቢዩ ሱለይማን ፊት ቃል ኪዳን ገብታ የተለቀቀች መሆኗም ይተረካል። በሁለቱም ወገን ገዳይዋ ትያዛለች፣ ትምላለች፣ መሐላዋም ተጽፎ ይታሰራል። ሸኽና ደብተራ ጎረቤት በሆኑበት፣ በወዳጃው ጸሎት ክርስቲያኑም በሚታደምበት አገር፣ ልጅ የሞተባት እናት የአንዱን ደጅ ስትጠና የሌላውን መርገጧ የሚያስገርም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። ይህን ልማድ ሁሉም ዝም ብሎ ተቀብሎታል ማለት ስህተት ነው። ከግሸን አምባ እስር ወጥቶ በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ በድርሳኖቹ ጠንቋዮችንና አጋንንትን የሚጠሩ ጸሎቶችን አጥብቆ ተዋግቷል፤ ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚገልጽ ቃል በግንባሩና በእጁ ላይ እንዲጽፍም አዝዟል። ክታብን በክታብ መዋጋት ይመስላል፤ ይሁንና ከአምባሰል ተራራ ላይ የወረደው ያ ንጉሥ ካለፈ ከ500 ዓመት በኋላም ጸሎተ ሱስንዮስ ይጻፍ ነበር። ያን ያህል ዘመን የቆየ ልማድ በሕዝቡ ሞኝነት አይብራራም። የሚብራራው ሞቱ ስላላቆመ ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የሰው ስም ነው። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ካሳ፣ ተካ፣ ማስረሻ፣ ኑርልኝ፤ እነዚህን ስሞች በወሎ ገጠር ከሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች መካከል ማግኘት አይከብድም። እያንዳንዱ ስም ከኋላው ስም ያልወጣለት ሌላ ሕፃን አለው። ከዚያም አልፎ ወላጆች ገዳዩን ለማታለል ወንዱን ልጅ በአንቺ ይጠሩታል፣ ጆሮውን ይበሱታል፣ ለጎረቤት በሳንቲም ሸጠው መልሰው እንደ ባዕድ ልጅ ያሳድጉታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለክርክራችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ጥንቃቄዎች የተደረጉት ለየትኛውም ልጅ ሳይሆን ቀደም ሲል ሁለት ሦስት ለሞተባት እናት ልጅ ነው። ልማዱ የሚያየው ምልክቱን አይደለም። ሕፃኑ ቢጫ ሆኖ ሞተ፣ ተገትሮ ሞተ፣ አብጦ ሞቶ ተወለደ፣ ቆዳው ተልጦ ሞተ ብሎ አይለይም። የሚቆጥረው መደጋገሙን ነው። መደጋገም ደግሞ ብዙ መንስኤ አለው።

የአር ኤች ደጋፊዎችን ክርክር በሙሉ ጉልበቱ እናስቀምጠው። በሽታው በእርግጥም የቆየ ነው፤ በ1609 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊቷ አዋላጅ ሉዊዝ ቡርዧ መንትያ ሲወለዱ አንደኛው ወዲያው አብጦ፣ ሌላው በቀናት ውስጥ ቢጫ ሆኖ መሞቱን ጽፋለች። ምስጢሩ የተፈታው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች ሞቶ የተወለደ ልጅ የተገላገለችን ሴት፣ የባሏ ደም ሲሰጣት የታመመችበትን ነገር መርምረው ዘገቡ፤ በ1940 ላንድስታይነርና ዊነር አር ኤች የተባለውን የደም ባሕርይ አስተዋወቁ፤ በተከታዩ ዓመት ሌቪን ሁለቱን አገናኝቶ የሕፃናቱን ሞት መንስኤ አሳየ። የመጀመሪያው ልጅ በአብዛኛው ይተርፋል፣ ምክንያቱም የእናትየው ሰውነት ከልጁ ደም ጋር የሚተዋወቀው በዋናነት በወሊድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ፖዘቲቭ ልጅ ካለፈው የባሰ ይሆንበታል። በ1960ዎቹ በሊቨርፑልና በኒው ዮርክ የተደረጉ ምርምሮች ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠውን አንቲ ዲ መርፌ አስገኙ፤ ከ1968 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በኩሩን አሳድጋ ተከታዮቹን ሁሉ የቀበረች የአምባሰል እናት ታሪክ ሲነገር፣ ይህን የሚያውቅ ሐኪም በውስጡ አር ኤች ቢል አይፈረድበትም። ከእነዚያ እናቶች መካከል በእርግጥ የደሟ ጉዳይ የሆነባት ነበረች።

ችግሩ ቁጥሩ ነው። በኢትዮጵያ ከተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነው ሰው ከመቶ አሥር እንደማይሞላ ያሳያሉ፤ አውሮፓ ውስጥ 15 ገደማ ነው። ከመቶ እናቶች 8ቱ ኔጌቲቭ ናቸው እንበል። መርፌው ባልነበረበት ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ በታየው መሠረት፣ ፖዘቲቭ ልጅ ከሚወልዱ ኔጌቲቭ እናቶች መካከል ሰውነታቸው የልጁን ደም መዋጋት የሚጀምረው ከስድስት አንዷ ገደማ ናት። የወሎ እናት ብዙ ትወልድ ነበርና ይህን በእጥፍ እናሳድገው፤ ከስምንቱ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ከእነዚያ እናቶች ልጆችም ገሚሱ በሽታው ቀላል ሆኖባቸው ያለ ሕክምና ይተርፋሉ። እንግዲህ አር ኤች ደጋግሞ ልጅ ሊነጥቃቸው የሚችለው ከመቶ እናቶች ቢበዛ ሁለት ሦስቱን ነው። አሁን በሌላ በኩል እንቁጠር። ከአምስት ሕፃናት አንዱ ዓመት ሳይሞላው የሚሞትበትን ዘመን እናስብ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለፈበት ጊዜ ለነበረች ገጠራማ ኢትዮጵያ ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም። ሰባት ልጆች ከሚወልዱ እናቶች መካከል፣ ምንም የተለየ በሽታ ሳይኖርባቸው፣ በዕድል ብቻ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚሞትባቸው ከመቶ 15 ያህሉ ይሆናሉ። ማንም የመንደሩ ሰው ይህን በዕድል አይፈርጅም። ከጎረቤቷ ይልቅ እሷ ለምን የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም ሾተላይ ነው። ልማዱ ከሚሰበስባቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የገቡ ናቸው ብል ስሌቱ ይደግፈኛል።

ከዕድል ቀጥሎ የምጠረጥረው ቂጥኝ ነው፤ ለምን እንደሆነም ማስረዳት ይገባል። የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ማክስ ካሶዊትዝ በ1876 እ.ኤ.አ. አንድ ሥርዓት አስተውሏል፦ ያልታከመ ቂጥኝ ያለባት ሴት በመጀመሪያ ያስወርዳታል፣ ቀጥሎ የሞተ ልጅ ትወልዳለች፣ ቀጥሎ ሕያው ሆኖ ተወልዶ በሳምንታት ውስጥ የሚሞት፣ ከዓመታት በኋላ ግን ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች። ይህ የአር ኤች ተቃራኒ ነው። አንዱ ከበኩር ጀምሮ እየከፋ ይሄዳል፣ ሌላው በበኩር ከፍቶ እየረገበ ይሄዳል። እናም እዚህ ላይ የልማዱን ትረካ መልሰን እንስማው። ስሙ ምትኩ የተባለው ልጅ፣ ጆሮው የተበሳው ልጅ፣ ለጎረቤት የተሸጠው ልጅ የተረፈ ልጅ ነው፤ የተረፈውም ከሞቱት በኋላ ነው። ክታቡ የተመሰገነው፣ ስለቱ ለግሸን ማርያም የገባው፣ መጨረሻ ላይ ልጅ ስላደገ ነው። አር ኤች ቢሆን ኖሮ ከሞት በኋላ የሚመጣ ልጅ ይበልጥ ሊሞት እንጂ ሊተርፍ የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነበር፤ ኔጌቲቭ ሆኖ ካልተፀነሰ በስተቀር። መድኃኒቱ የሠራ የሚመስለው በራሱ ጊዜ በሚረግብ በሽታ ላይ ነው። ቂጥኝ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ ሐኪሞችና ተጓዦች ብዙዎቹ ደጋግመው የጻፉበት በሽታ ነው፤ ሐይቅን አቋርጦ የሚያልፈው ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወስደው ዋና መንገድም ዘማች ሠራዊትና ከባድ መኪና ሲያመላልስ ኖሯል።

የአራስ ልጅ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ደግሞ ሌላ ነው። እትብት በምላጭ ወይም በማጭድ ሲቆረጥ፣ ቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም እበት ሲደረግ፣ ሕፃኑ በሳምንቱ አካባቢ ጡት መያዝ ያቅተዋል፣ ይገተራል፣ ይሞታል። ያችው እናት፣ ያችው አዋላጅ፣ ያው ምላጭ ከሆኑ ደግሞ ተከታዩም እንደዚያው ነው። እንጥል ማስቆረጥንም ከዚሁ ጋር መደመር ይቻላል፤ ልጁን ለማዳን ተብሎ የተደረገ ነገር ደሙን አፍስሶ ወይም ቁስሉን አመርቅዞ ገድሎታል። በቆላው ወገን ወባ አለ፤ በደጋው ደጋግሞ የመታው ረሃብ አለ። በዘር የሚተላለፉ ብርቅ በሽታዎችም ይኖራሉ፤ ሁለት ጤነኛ ወላጆች አንድ ዓይነት እንከን በደማቸው ከያዙ ከአራት ልጆቻቸው አንዱ ይታመማል። ይሁን እንጂ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባው ክርስቲያን አማራም ሾተላይን እንደማንም ያውቀዋልና የዘመድ ጋብቻ የነገሩ ቁልፍ ነው ማለት አልችልም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ የሚከብደውም እሱ ነው። ታሪኩ ምንም ይሁን ምን፣ ሾተላይ ማለት አር ኤች ነው መባሉ እናቶችን ወደ ደም ምርመራ ካመጣቸው ምን ይጎዳል? ለሸኹና ለደብተራው የተከፈለው ገንዘብ ለላቦራቶሪ ቢከፈል ምን ክፋት አለው? በከፊል እስማማለሁ። በአሮጌ ቋንቋ አዲስ ምክር ማድረስ የጤና ትምህርት ጥበብ ነው፤ ሾተላይ የሚለው ቃል ባይኖር ስለ አንቲ ዲ መርፌ ለገጠር እናት ማስረዳት ይከብድ ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነባት እናት ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ከመቶ ከ90 በላይ ናት። ሦስት ልጆች የሞቱባት ሴት ደሟ ፖዘቲቭ ነው ሲባል የምትሰማው ሾተላይ የለብሽም የሚለውን ነው። ምርመራው እዚያ ቆመ። ስለ ቂጥኝ፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ማኅፀን በር መላላት፣ ሕፃናቱ ስለሞቱበት ቀንና ሁኔታ የሚጠይቃት ካላገኘች ወደ ቤቷ የምትመለሰው ያለ ምክንያት ነው፤ ምክንያት ያጣ ሰው ደግሞ ወደ ድሮው ምክንያት ይመለሳል። ሁለተኛው ጉዳት ጥፋቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ነው። በድሮው ልማድ ሾተላይ የምትባለው ሴቲቱ ነበረች፤ ትዳሯ የሚፈርሰውም በዚያ ነው። አዲሱ ማብራሪያ ጋኔኑን ከአንገቷ አውርዶ ደሟ ውስጥ አስገባው እንጂ ሸክሙን አላነሳላትም። አር ኤች ያለ ባልየው ፖዘቲቭ ደም እንደማይከሰት፣ ቂጥኝም ብዙውን ጊዜ ከእሱ እንደሚመጣ ሳይነገር ይታለፋል።

ልማዱን መናቅም ከታሪኩ ጋር አይሄድም። ክታቡ አንድም ሕፃን ከቂጥኝ አላዳነም፤ ነገር ግን ቤተ ክህነትም ቤተ መንግሥትም ያልቆጠሩትን ሞት የቆጠረው ልማዱ ብቻ ነው። የወርዝልያ ተረት የሚናገረው አራስ ልጅ በብዛት ይሞት እንደነበረ፣ እናቶች ይህን እንደ ተፈጥሮ ዕጣ ተቀብለው ዝም እንዳላሉ፣ ገዳይ እንዳለ አምነው ሲያሳድዱት እንደኖሩ ነው። የተሳሳቱት ገዳዩን አንድ ማድረጋቸው ላይ ነው፤ እኛም አር ኤች ስንል የምንደግመው ይህንኑ ስህተት ነው።

ሞቱን የቀነሰውም አንድ ግኝት አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 49ኙ በመጀመሪያው ወር ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 29 ሆነ። በ2017 ደግሞ የእናቶችና የአራስ ልጆች ቴታነስ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ደረጃ መውጣቱ ተረጋገጠ። ይህን ያመጡት የእናቶች የቴታነስ ክትባት፣ ንጹሕ ምላጭ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በጤና ተቋም መውለድ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከደም ዓይነት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ስለዚህ በሐይቅም በአምባሰልም፣ ልጅ ደጋግሞ የሞተባት እናት ወደ ክትትል ክፍል ስትመጣ ባለሙያው የደም ዓይነቷን ብቻ ጽፎ አያሰናብታት። ስንተኛው ልጅ እንደሞተ፣ በስንተኛው ቀን፣ ምን ሆኖ እንደሞተ ይጠይቃት፤ የቂጥኝ ምርመራዋንም ከባሏ ጋር ያድርግላት። ኔጌቲቭ ከሆነች መርፌዋን በ72 ሰዓት ውስጥ ታግኝ፤ ፖዘቲቭ ከሆነች ደግሞ ምርመራው ገና መጀመሩ እንደሆነ ይነገራት።